አልፈታ ያለ የሞተር ፑሌጃ ቡሎን አፈታት
ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት

1. መግቢያ

እንጅባራና ዳንግላ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙ፣ ለአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ገበሬ የምርት መሸጫና የግብዓት መቀበያ ከተሞች ናቸው። ማዳበሪያው፣ ምርጥ ዘሩና የእንስሳት መድኃኒቱ ከእነዚህ ከተሞች ተነሥቶ ወደ ቀበሌ የሚደርሰው በአብዛኛው በመኪና ነው። መኪናው በሚያዝያና በግንቦት ወር አንድ ሳምንት ቢቆም ዘር ከመሬት ሳይገናኝ ክረምቱ ይገባል።

መኪና ለረጅም ጊዜ እንዲቆም ከሚያደርጉት ምክንያቶች መካከል አንዳንዶቹ ትልቅ ብልሽት አይደሉም። ሥራው የግማሽ ቀን ሆኖ ሳለ አንድ ቡሎን እንቢ በማለቱ የሚራዘምበት ጊዜ አለ። ከእነዚህ ቡሎኖች ዋነኛው በሞተሩ ፊት ለፊት ያለው የክራንክሻፍት ፑሌጃ (ፑሊ) ቡሎን ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዳንግላ አካባቢ በአንድ ማኅበር የተመለከተውን መጥቀስ ይጠቅማል። የማኅበሩን ፒክአፕ የታይሚንግ ቺንጋ ለመቀየር ሲሞከር የፑሌጃው ቡሎን አልፈታ አለ። አራት ወጣቶች ሁለት ቀን ሙሉ በመዶሻና በብረት መሮ ደበደቡት፤ መሮውን ካቀበሉት አንዱም የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ መካኒክ መጥቶ መኪናውን 5ኛ ማርሽ ውስጥ አስገባ፤ አንድ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ አደረገና በመፍቻው እጀታ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ ቡሎኑን ፈታው። ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም። ነገር ግን የፑሌጃው ጠርዝ ቀድሞ በመሮው ተሰብሮ ስለነበር አዲስ ፑሌጃ እስኪመጣ መኪናው ከሁለት ሳምንት በላይ ቆመ። በመጋዘን የነበረው የዘር ድንችም ከሚገባው በላይ በቀለ።

ከዚህ የምንማረው ጉዳቱን ያደረሰው ቡሎኑ ሳይሆን አፈታቱ መሆኑን ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማም ይኸው ነው፤ አልፈታ ያለ ቡሎን የሚፈታው ክራንክሻፍቱ በሚገባ ሲያዝና ኃይሉ በልክና በቅደም ተከተል ሲሰጥ መሆኑን ማስረዳት ነው።

2. ፑሌጃው ምን ሥራ አለው? ለምንስ ይፈታል?

ክራንክሻፍት የፒስተኖችን የላይና የታች እንቅስቃሴ ወደ መዞር የሚለውጠው የሞተር ዋና ዘንግ ነው። በፊተኛው ጫፉ ላይ የታሰረው ፑሌጃ በቺንጋ አማካይነት ጄኔሬተሩንና በብዙ መኪናዎችም የውኃ ፓምፑን ያዞራል። ፑሌጃው እንዳይንሸራተት አንድ ትንሽ ሽብልቅ ብረት ከክራንክሻፍቱ ጋር ያያይዘዋል፤ በመካከሉ ያለው አንድ ትልቅ ቡሎን ደግሞ ሁሉንም አጥብቆ ይይዛል።

ይህ ቡሎን በሚከተሉት ጊዜያት መፈታት ይኖርበታል፦

ሀ) የታይሚንግ ቺንጋ ሲቀየር። በብዙ የናፍጣ ፒክአፖች ይህ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደረጋል፤ ሆኖም የመኪናው መመሪያ የሚለው ይቀድማል። በቺንጋ ፈንታ ሰንሰለት ወይም ጥርስ ያላቸው ሞተሮችም አሉ።

ለ) ከፑሌጃው በስተኋላ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ ዘይት ሲያፈስ።

ሐ) ፑሌጃው ራሱ ሲሰበር ወይም በመካከሉ ያለው ጎማ ሲላቀቅ።

የታይሚንግ ቺንጋ በጊዜው ካልተቀየረና ሞተሩ በሥራ ላይ እያለ ከተበጠሰ፣ በብዙ ሞተሮች ፒስተኑ ከቫልቩ ጋር ይጋጫል፤ ሞተሩም ይወድማል። ስለዚህ «ቡሎኑ አልፈታ ስላለ ይቆይ» ማለት አደጋውን ማስተላለፍ እንጂ ማስቀረት አይደለም።

3. ቡሎኑ እንቢ የሚለው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው ምክንያቱ ዝገት ብቻ ይመስለዋል። በእርግጥ የዓመቱ ዝናብ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በሚበልጥበት እንደ ዳንግላ ባለ አካባቢ፣ ጭቃና ውኃ በቡሎኑ ራስ ሥር እየገባ ዝገት ማብዛቱ አይቀርም። ዋናው ምክንያት ግን ሰበቃ ነው።

አንድ ቡሎን ሲጠብቅ ከምንሰጠው ኃይል ውስጥ ግማሽ ያህሉ በቡሎኑ ራስ ሥር ባለው ሰበቃ፣ 40 ከመቶ ያህሉ ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ባለው ሰበቃ ያልቃል። ቡሎኑን በእውነት የሚወጥረው የቀረው 10 ከመቶ ገደማ ነው። ለዓመታት በሙቀትና በዝገት የቆየ ቡሎን ሲሆን ሰበቃው ይጨምራል፤ በመሆኑም ለመፍታት የሚያስፈልገው ኃይል ከጠበቀበት ሊበልጥ ይችላል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይም በጥርሱ ላይ የማጣበቂያ ቅባት ተደርጎ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ክራንክሻፍቱ አብሮ መዞሩ ነው። መፍቻው ሲሳብ ቡሎኑና ክራንክሻፍቱ አብረው ከዞሩ የሰጠነው ጉልበት ሁሉ ባክኖ ይቀራል።

4. የኃይል ስሌት

የመጠምዘዝ ኃይል የሚገኘው የሚስበው ኃይል በእጀታው ርዝመት ሲባዛ ነው። የሚለካውም በኒውተን ሜትር ነው። በቀላሉ ለማስታወስ፣ 1 ሜትር ርዝመት ባለው እጀታ ጫፍ ላይ የሚሰጥ የ1 ኪሎ ግራም ክብደት 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው።

ለምሳሌ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ክብደቱን በሙሉ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው እጀታ ጫፍ ላይ ቢጥል 240 ኒውተን ሜትር ገደማ ያገኛል። ያው ሰው 1 ሜትር ርዝመት ባለው ቱቦ ቢጠቀም 600 ኒውተን ሜትር ገደማ ያገኛል። የሰውየው ጉልበት አልጨመረም፤ የጨመረው የእጀታው ርዝመት ነው። አራት ሰው በአጭር መፍቻ ከሚታገል አንድ ሰው በረጅም ቱቦ ቀስ ብሎ ቢስብ የተሻለ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

5. ከሥራው በፊት መሟላት ያለባቸው

ሀ) በቡሎኑ ራስ ላይ በልክ የሚገጥም፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ። ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘንና ያረጀ ቡሶላ የቡሎኑን ራስ ይልገዋል። ክፍት አፍ ያለው መፍቻ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ለ) ጠንካራ የቡሶላ እጀታና በላዩ የሚሰካ 1 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ወፍራም የብረት ቱቦ።

ሐ) ማስረዘሚያ ብረት ካስፈለገ ከሥሩ የሚደግፈው ነገር፤ ይኸውም ማስረዘሚያው እንዳይዘነብልና ቡሶላው ከራሱ ላይ እንዳያመልጥ ነው።

መ) ዝገት አላቃቂ ዘይት። ለሥራው ተብሎ የተዘጋጀው ከሁሉ ይሻላል፤ ካልተገኘ ላምባና ስስ የሞተር ዘይት ተቀላቅሎ ሊሞከር ይችላል።

ሠ) የሽቦ ቡርሽ፣ መካከለኛ መዶሻና የጎማ ማገጃ ድንጋዮች ወይም እንጨቶች።

ሥራው ሳይጀመር የባትሪው ነጌቲቭ መስመር መፈታት አለበት። ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት። መኪናው በደልዳላ ቦታ መቆም አለበት። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው መግባት የለበትም። ራዲያተሩ ለቡሶላው ቦታ ከነሣ ማውረዱ ይሻላል፤ ለማውረድ የሚወስደው ጊዜ የተበሳ ራዲያተር ለማስበየድ ከሚወስደው ያንሳል።

6. ክራንክሻፍቱን የመያዣ መንገዶች

የሥራው ቁልፍ ይህ ክፍል ነው። ከሚከተሉት መንገዶች ለሞተሩ የሚስማማው ይመረጣል።

ሀ) በማርሽና በፍሬን መያዝ። ይህ በእጅ ማርሽ ለሚቀየር መኪና ብቻ ያገለግላል። ማርሹ በከፍተኛው፣ ማለትም በ4ኛ ወይም በ5ኛ ላይ ይደረጋል፤ የእጅ ፍሬን ይሳባል፤ አንድ ሰውም የእግር ፍሬኑን አጥብቆ ይረግጣል። ከፍተኛው ማርሽ የሚመረጥበት ምክንያት አለ። በ5ኛ ማርሽ ከክራንክሻፍቱ ወደ ጎማ የሚደርሰው የመጠምዘዝ ኃይል ከ3 እስከ 4 ጊዜ ያህል ብቻ ሲባዛ፣ በ1ኛ ማርሽ ግን 15 ጊዜ ያህልና ከዚያ በላይ ይባዛል። ስለዚህ ፍሬኑ ይዞ ለማቆየት በከፍተኛው ማርሽ ይቀለዋል። ቡሎኑ ሲፈታ ሞተሩን ወደ ኋላ ለማዞር ስለሚታገል መኪናውም ወደ ኋላ ሊሄድ ይፈልጋል፤ በመሆኑም ማገጃው ከጎማዎቹ በስተኋላ በኩል መደረግ አለበት።

ለ) በመያዣ ብረት መያዝ። በብዙ ፑሌጃዎች ፊት ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቀዳዳዎች አሉ። አንድ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት በእነዚህ ቀዳዳዎች ልክ ይበሳና በሁለት ቡሎኖች ይታሰራል፤ በመካከሉም ቡሶላው የሚያልፍበት ሰፊ ቀዳዳ ይወጣለታል። የብረቱ ሌላው ጫፍ በሻንሲው ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ይህን መያዣ የእንጅባራም ሆነ የዳንግላ ብየዳ ቤት ሊሠራው ይችላል። አንድ ጊዜ የተሠራ መያዣ ለዓመታት ያገለግላል።

ሐ) ቮላኖውን መያዝ። ሞቶሪኖው ከወረደ በኋላ በቀዳዳው በኩል ለቮላኖው ጥርስ በተዘጋጀ መቆለፊያ መያዝ ይቻላል። በካቻቢቴ መቆለፍ ግን ጥርሱን ይሰብራል።

መ) ለመስኖ ሞተር ፓምፕ፦ በትንንሽ ባለ አራት ምት የቤንዚን ሞተሮች የቮላኖውን ዳዶ ለመፍታት የገመድ ዘዴ ይጠቅማል። ካንዴላው ይፈታል፤ ፒስተኑ የጭመቃውን ጫፍ አልፎ ሁለቱም ቫልቮች እንደተዘጉ ጥቂት ሲወርድ ንጹሕ የናይሎን ገመድ በካንዴላው ቀዳዳ ይጨመራል። የገመዱ ጫፍ ውጭ መቅረት አለበት። ቮላኖው በእጅ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ሲዞር ፒስተኑ ወጥቶ ገመዱን ይጫንና ይቆማል። ይህ ዘዴ ለናፍጣ ሞተር አይሆንም። ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሮች ላይ ግን በዳዶው ሥር ጆሮው የታጠፈ ሮንዴላ እንዳለ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ጆሮው ካልተቃና ዳዶው አይፈታም።

7. የአፈታት ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ የጥርሱን አቅጣጫ ማረጋገጥ። አብዛኞቹ ከፊት ሲታዩ በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ አቅጣጫ ይፈታሉ። ሆኖም ግራ ጥርስ ያላቸውም ስላሉ መመሪያውን ማየት ወይም ሞተሩን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ይገባል። ቡሎንን ሊፈቱ አስበው ማጥበቅ ያጋጥማል።

ሁለተኛ፣ የቡሎኑን ራስና ዙሪያ በሽቦ ቡርሽ ማጽዳት። በራሱ ላይ የተጋገረ ጭቃ ካለ ቡሶላው እስከ መጨረሻው አይገባም።

ሦስተኛ፣ ዘይቱን በራሱ ሥር መጨመርና ማሳደር። ዘይቱ በክራንክሻፍቱ ውስጥ እስካለው ጥርስ ድረስ በቀላሉ ስለማይደርስ ተአምር አይጠበቅበትም፤ በራሱ ሥር ያለውን ዝገት ግን ያላላል።

አራተኛ፣ ቡሶላውን ገጥሞ በራሱ አናት ላይ በቀጥታ አምስት ስድስት ጊዜ መጠነኛ ምት መምታት። ምቱ ዝገቱን ያናጋዋል። ፑሌጃው ላይ ግን መምታት አይገባም።

አምስተኛ፣ ክራንክሻፍቱን በክፍል 6 ከተገለጹት በአንዱ መያዝና በቱቦው ቀስ እያሉ መሳብ። ኃይሉ በጅርጅታ ሳይሆን እየጨመረ መሄድ አለበት። የሚስበው ሰው እግሩን አደላድሎ፣ ፊቱን ከቱቦው መስመር አርቆ መቆም አለበት፤ ቡሎኑ በድንገት ይለቃልና።

ስድስተኛ፣ እንቢ ካለ በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ገፋ አድርጎ ደግሞ ወደ መፍቻው መመለስ። ይህ የዝገቱን መያዣ ይሰብራል።

ሰባተኛ፣ አሁንም እንቢ ካለ በአየር ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ መቺ መፍቻ ያለው ጋራዥ ወይም ጎሚስታ ቤት መጠየቅ። መሣሪያው ፈጣን ምቶችን ስለሚሰጥ በረጅም ቱቦ ያልተፈታውን ሊፈታ ይችላል።

ስምንተኛና የመጨረሻው ሙቀት ነው። በጥርሱ ላይ ማጣበቂያ ካለ ከ200 እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይለሰልሳል። እሳቱ በቡሎኑ ራስ ላይ ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ፣ በሠለጠነ ሰው እጅ መሰጠት አለበት። ቀድሞ የተቀባው ዘይት መጠረግ አለበት። የፑሌጃው ጎማና የዘይት ማገጃው በሙቀት ስለሚጎዱ አስቀድሞ መለወጫቸውን ማዘጋጀት ይመከራል።

በማናቸውም ደረጃ ላይ ቡሎኑ «ጧ» ሳይል እንደ ጎማ እየተለጠጠ ከተሰማ ወይም ራሱ መላግ ከጀመረ ወዲያው መቆም ያስፈልጋል። ቡሎኑ ሊበጠስ ተቃርቧል ማለት ነው።

8. ፈጽሞ መደረግ የሌለባቸው

ሀ) መፍቻውን በሻንሲው ላይ አስደግፎ ሞተሩን በሞቶሪኖ ማስነሣት። ብዙ ሰው ይህን እንደ ብልኀት ያየዋል፤ ነገር ግን መፍቻው ከተፈናጠረ እጅ ይሰብራል፣ ዓይን ያጠፋል።

ለ) በፑሌጃው ጠርዝ ወይም በቬንቲላቶሩ ክንፎች መካከል ብረት ሸጉጦ መያዝ።

ሐ) ክራንክሻፍቱን በታይሚንግ ቺንጋው ይዞ ለማቆም መሞከር። ቺንጋው ጥርስ ይዘላል ወይም ይበጠሳል።

መ) ቡሎኑ ከተፈታ በኋላ ፑሌጃው አልወጣ ሲል ጠርዙን በካቻቢቴ እየፈነቀሉ ማውጣት። በቀዳዳዎቹ ላይ የሚታሰር መሳቢያ መጠቀም ይገባል።

9. የቡሎኑ ራስ ከተላገ ወይም ከተሰበረ

ራሱ በጥቂቱ የተላገ ከሆነ በልኩ ትንሽ ጠበብ ያለ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ በመዶሻ ተመትቶ ሊገባበት ይችላል። ፈጽሞ የተላገ ከሆነ በላዩ ትልቅ ዳዶ በብየዳ ይያያዝና በዳዶው ይፈታል፤ የብየዳው ሙቀትም ይረዳል። ቡሎኑ ከተበጠሰ ግን ሥራው የቶርኖ ቤት ባለሙያ ነው። በመስክ ላይ በእጅ መሰርሰሪያ መሞከር የክራንክሻፍቱን ጥርስ ያበላሻል።

10. መልሶ ማጥበቅ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ቡሎኑ ተፈቶ ሲያበቃ በጥድፊያ ከተመለሰ ከመጀመሪያው የባሰ ጉዳት ያደርሳል። የላላ ፑሌጃ በእያንዳንዱ ምት ስለሚንቀሳቀስ ሽብልቁን ይቆርጠዋል፤ የክራንክሻፍቱንም ጫፍ ይበላዋል። ክራንክሻፍት መቀየር ደግሞ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ መፍታት ነው።

ስለዚህ ጥርሶቹ ይጸዳሉ፤ ሽብልቁ ይመረመራል፤ የተለጠጠ፣ የቀጠነ ወይም ራሱ የተላገ ቡሎን በአዲስ ይተካል። የዘይት ማገጃው ከንፈር በጥቂት ዘይት ይለሰልሳል። በጥርሱ ላይ ዘይት ወይም ማጣበቂያ መደረግ አለመደረጉ በመመሪያው ይወሰናል። ከዚያም ቡሎኑ የመኪናው መመሪያ በሚያዝዘው መጠን በቶርክ መፍቻ ይጠብቃል።

የቶርክ መፍቻ ከሌለ ማኅበሩ እህል የሚመዝንበት የሚንጠለጠል ሚዛን ያገለግላል። ከቡሎኑ መካከል ጀምሮ ልክ 1 ሜትር ተለክቶ በቱቦው ላይ ምልክት ይደረጋል፤ የሚዛኑ መንጠቆ በምልክቱ ላይ ይታሰርና ከቱቦው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ ይሳባል። መመሪያው 200 ኒውተን ሜትር ካለ ሚዛኑ 20 ኪሎ ግራም ገደማ እስኪያሳይ፣ 300 ካለ 30 ኪሎ ግራም ገደማ እስኪያሳይ ይሳባል። በተቻለ መጠን ቱቦው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሚዛኑ ወደ ጎን ቢሳብ የቱቦው ክብደት ልኩን አያዛባም።

የታይሚንግ ቺንጋ ተቀይሮ ከሆነ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ክራንክሻፍቱ በመፍቻ ቀስ ተብሎ በሥራ አቅጣጫው ሁለት ሙሉ ዙር ይዞርና ምልክቶቹ መግጠማቸው ይረጋገጣል። ሲዞር የሚያግደው ነገር ካጋጠመ በጉልበት ማለፍ አይገባም፤ ምልክቶቹ እንደገና ይታያሉ።

11. የማኅበሩና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ድርሻ

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ መካኒክ እንዲሆን አይጠበቅም። ነገር ግን ጥገናው በየትኛው ወር እንደሚደረግ ማኅበሩን ማማከር ይችላል። የፑሌጃ ሥራ መደረግ ያለበት መኪናው ብዙ በማይፈለግበት ጊዜ እንጂ ዘርና ማዳበሪያ በሚጓጓዝበት ወቅት አይደለም። የመስኖ ፓምፕ ጥገናም መስኖ ሳይጀመር በጥቅምት ማለቅ አለበት።

ማኅበሩ በበኩሉ ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ደብተር ከፍቶ የተሠራውን ሥራ፣ ቀኑን፣ የኪሎ ሜትሩን ንባብ፣ የቡሎኑን የቡሶላ ቁጥርና የማጥበቂያ ልክ መመዝገብ ይኖርበታል። ከአምስት ዓመት በኋላ ያንኑ ቡሎን የሚፈታው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላልና።

12. የመወያያ ጥያቄዎች

1) መኪናን በ5ኛ ማርሽ መያዝ በ1ኛ ማርሽ ከመያዝ የሚሻለው ለምንድን ነው?

2) 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በ80 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ ክብደቱን በሙሉ ቢጥል ስንት ኒውተን ሜትር ገደማ ያገኛል? (መልስ፦ 400)

3) በማኅበራችሁ መኪና ላይ የታይሚንግ ቺንጋ ወይስ ሰንሰለት አለ? ቺንጋ ከሆነ መቼ ተቀየረ? በየትኛው ደብተር ተመዝግቧል?

4) ቡሎኑ እንደ ጎማ ሲለጠጥ ቢሰማችሁ ምን ታደርጋላችሁ?